ስልካችሁ «ግራር» ይላችኋል፣ ዛፉ ግን ሰሳ ነው

ጅማ ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባጃጆቹ አርፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ቦታ ታፔላ የለውም፣ መስመርም አልተሰመረበትም። ግን ሁሉም አንድ ቦታ ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ዛፍ ስር። ጀበና ይዛ የተቀመጠችውም ሴት እዚያው ናት። ጠዋት በርጩማዎቿን ከዛፉ በስተምዕራብ ትደረድራለች፣ ከሰዓት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ታዞራቸዋለች። ጥላው ሲሄድ ቡና ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ኪራይ የማይከፈልበት ጣሪያ ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው እዚያ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ «የዚህ ዛፍ ስሙ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ግራር ነው አለ፣ ሌላው ጃካራንዳ ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ «ዛፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኬን አወጣሁና ዕፅዋት በሚለይ አፕ ፎቶ አነሳሁት። ግራር አለኝ። ትንሽ ተጠግቼ ደግሜ ሳነሳው ሌላ ስም አመጣ። በስልኩ አልፈርድም። ያነሳሁት የዛፉን አጠቃላይ ቅርጽ ነው፤ ከሩቅ ደግሞ እውነትም ይመሳሰላሉ።

ዛፉ ሰሳ ነው። በአፋን ኦሮሞ አምባቤሳ ይሉታል፣ ሙካ አርባ የሚሉትም አሉ፤ «የዝሆን ዛፍ» እንደማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አልቢዚያ ጉሚፌራ። ከውጭ የመጣ አይደለም፣ የዚሁ አገር ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ማዳጋስካርም ይበቅላል። ጅማ ውስጥ፣ አጋሮ መንገድ ላይ፣ በሰቃ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ በየቀኑ በስሩ እናልፋለን፤ ስሙን ግን ከቡና አራሾች በቀር ብዙ ሰው አይጠራውም።

እሺ፣ እንዴት እንለየው?

መጀመሪያ ከሩቅ። ሰሳ ሲያድግ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ልክ የተዘረጋ ጃንጥላ። ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ቅጠሉ ደግሞ ከላይ በንብርብር የተነጠፈ ይመስላል። ችግሩ፣ ግራርም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ያያችሁትን ይዛችሁ አትወስኑ፣ ተጠጉ።

ስትጠጉ ግንዱን እዩት። የሰሳ ቅርፊት ግራጫ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለስለስ ይላል። እሾህ የለውም። ግራር ግን (አፋን ኦሮሞ ላይ ላፍቶ) በተለይ ወጣት ቅርንጫፎቹ ላይ እሾህ አለው፣ ቅርፊቱም እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ በእጃችሁ ነክታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ግራር ከሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ቅጠሉ። ዋናው ምልክት እዚህ ጋ ነው፤ ስልኩ የሚሳሳተውም ይሄን ስለማናሳየው ነው። የሰሳ ቅጠል አንድ ወጥ አይደለም። ከአንድ ዘንግ ላይ ትንንሽ ዘንጎች በጥንድ በጥንድ ይወጣሉ፣ እነሱ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቅጠሎች ተደርድረዋል። ከትንንሾቹ አንዷን ነጥላችሁ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጧት። ሁለቱ ጎኖቿ እኩል አይደሉም። መሃል ለመሃል መሄድ የነበረበት መስመር በሰያፍ ሄዷል። ግርጌዋ ላይ ደግሞ በአንድ በኩል ጆሮ የምትመስል ነገር ወጣ ብላለች። ያቺን ጆሮ ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ፣ ሰሳ ነው። ሰሳን በጣም የሚመስል ቅርብ ዘመድ አለው፤ እሱ ጆሮዋ የለችውም፣ የቅጠሉም ጀርባ ጸጉራም ነው። የግራር ቅጠሎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በጣም ያነሱ ናቸው፣ አንዷን ነጥሎ ለመያዝ ራሱ ያስቸግራል።

አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ከመሃሉ ቀላ ያሉ ረጃጅም ክሮች ይወጡበታል፤ የመላጫ ብሩሽ አስቡ። ንብ ትወደዋለች። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት ሽፋን አለው፣ ግን ሽፋኑ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ሲደርቅ ቡናማ ነው። በደረቅ ወራት በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ከመሸ ደግሞ የስልካችሁን መብራት አብሩና ወደ ላይ እዩ፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ተጣጥፈው ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ጠዋት ይከፈታሉ።

ጃካራንዳ ነው ላለው ልጅ ደግሞ መልሱ ይሄ ነው። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ደግሞ እንደ ሳንቲም ቦርሳ ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ እንጨት ነው። ትንንሽ ቅጠሎቹም ጫፋቸው ሹል ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ቅጠሉ ደግሞ ትልልቅና ነጠላ ሰልፍ ከሆነ ያ ብርብራ ነው፤ ድሮ ፍሬውን ፈጭተው ወንዝ ላይ በትነው ዓሣ የሚያደነዝዙበት። ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፊ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ቢጫና የሚያጣብቅ ከሆነ ዋንዛ ነው፤ የእንጨት ሥራችን የሚወደው እሱን ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የቅጠሉ ጀርባ ብርማ የሆነው ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ ነው።

ስለዚህ አፑን የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት ፎቶ አንሱለት፦ ቅጠሉን ከቅርብ፣ ግንዱን፣ መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ ካለ ደግሞ ፍሬውን። መልሱ በጣም ይሻላል።

አሁን ጥያቄው ይሄ ዛፍ ከተማ መሃል ምን ይሠራል ነው። መልሱ ቡና ነው።

ጅማ አስፋልትና ባጃጅ ከማየቷ በፊት ጫካ፣ ቡናና ገበያ ነበረች። የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት ነበር። አረቢካ ቡና ደግሞ በተፈጥሮው ሜዳ ላይ የሚቆም ተክል አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ስር ነው የኖረው። የጎማ ወረዳዋ ጮጬ የቡና መገኛ ናት እየተባለ የሚነገረው የፍየል እረኛው ታሪክ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ እዚህ አልከራከርም፤ ቡና ጥላ ውስጥ የተወለደ መሆኑ ግን አያከራክርም። አራሹ ጫካውን ሲያሳሳ ሁሉንም አልቆረጠም። ለቡናው የሚሆኑትን መርጦ አስቀረ፦ ሰሳ፣ ግራር፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። ከተማው እየሰፋ የቡና ማሳው ግቢ፣ ግቢው ሱቅ ሲሆን ቡናው ተነቀለ፣ አንዳንዱ ሰሳ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ባጃጆቹ የቆሙት ማለት ነው በቡና ጃንጥላ ስር ነው።

አራሹ ሰሳን የመረጠው ለውበቱ አይደለም። ቅጠሉ ትንንሽ ስለሆነ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፣ እያጣራ ያሳልፋል። የረገፈው ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰሳ የባቄላና የአተር ወገን ነው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ፣ ውስጣቸው ባክቴሪያ ይኖራል፣ ባክቴሪያው ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይቀይረዋል። ዩሪያ ስንገዛ የምንገዛው ናይትሮጅን ነው አይደል? ሰሳ በነጻ ያመርተዋል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ጎረቤቱ ቡና ይካፈላል።

ቡናው ስር የሚሠራውን ከተማ ውስጥም ይሠራዋል፤ ልዩነቱ አሁን ከታች ያለነው እኛ መሆናችን ነው።

ሙቀቱን እንይ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ ቀኑ በሚግልበት ሰዓት ጥላ ያረፈበት ነገር ፀሐይ ላይ ካለው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይሄ የአስፋልቱ፣ የቆርቆሮው፣ የባጃጁ ወንበር ሙቀት ነው። አየሩ ራሱ ያን ያህል አይወርድም፤ ዛፍ በጥላውና በቅጠሉ በሚያወጣው እርጥበት የአየሩን ሙቀት ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ነው የሚቀንሰው። ትንሽ ይመስላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ስምንት ሰዓት ላይ ተኝታችሁ የምታውቁ ግን ሦስት ዲግሪ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳችሁም።

ዝናቡስ? ይሄን በሒሳብ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ሳሰላው ገርሞኛል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ትልቅ ሰሳ የዘረጋው ጃንጥላ ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 314 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዓመት ውስጥ አናቱ ላይ የሚያርፈው ውሃ ታዲያ ወደ 470 ሺህ ሊትር ነው! ዛፉ ሁሉንም አያስቀረውም፣ የተወሰነው ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ይተናል፣ የቀረው ግን ጉልበቱ ተሰብሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሥሩ ባላላው አፈር ውስጥም ይሰርጋል። ዛፉና አፈሩ ከሌሉ ያው ውሃ ኮብልስቶኑ ላይ በአንዴ ይፈስና ቱቦውን ሞልቶ ወደ አዌቱ ይሮጣል። ክረምት ላይ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ መንገድ የተሻገራችሁ ሁሉ ይሄን ታውቁታላችሁ።

ወፎቹን ደግሞ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ባለጥላ የቡና ማሳዎችን ከጎናቸው ካለው ጫካ ጋር አነጻጽሮ ነበር። በቡናው ውስጥ የተገኙት የወፍ ዓይነቶች በጫካው ከተገኙት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ሆኑ። ጫካውን የሚተካ ነገር የለም፣ አጥኚዎቹም ጫካ ብቻ የሚወዱት ወፎች እዚያው ጫካው ውስጥ በብዛት እንደሚገኙ ጽፈዋል። ግን በሌላው ዓለም ብዙ ቡና ፀሐይ ላይ በተራ የተተከለ ነው። የኛ አይደለም፣ ሰሳና ጓደኞቹ አሉበት።

እስከ መቼ እንደሚኖሩበት ግን እንጃ። በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬታችን ውስጥ ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል፣ ምንም ካልተደረገ ማለት ነው። ቡናን ወደ ከፍታ ቦታ ማዛወርና ደን መጠበቅ ውጤቱን በጣም እንደሚቀይሩትም ጽፈዋል። አረቢካ የሚመቸው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥላ ማለት ያቺን ጥቂት ዲግሪ ማግኛ ነው። ይሄ እየታወቀ በጅማ ዙሪያ ቡናው እየተነሳ ጫት ሲተካ ዓይናችን እያየ ነው፤ ጫት ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ የሚወድቀው የጥላው ዛፍ ነው። አራሹን መውቀስ ይከብደኛል፣ ጫት በዓመት ደጋግሞ ብር ያመጣል። ግን የዛፉን ዋጋ ማንም አስልቶ አልነገረውም።

ከተማ ውስጥም ነገሩ ያው ነው፣ ሰበቡ ብቻ ይለያል። መንገድ ይሰፋል፣ ሕንጻ ይነሳል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። ጅማም እንደ አዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ጀምራለች። እግረኛ በሰላም የሚሄድበት መንገድ መሠራቱን እኔ እደግፋለሁ፣ በጭቃ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በየቦታው ዛፍ ሲቆረጥ የምንሰማው ማጽናኛ «በምትኩ አስር እንተክላለን» የሚል ነው። እስቲ ቅድም ወደሠራነው ሒሳብ እንመለስ። የአንድ ችግኝ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ነው እንበል (ይሄ ራሱ ትልቅ ችግኝ ነው)፤ ጥላው አንድ ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም። ያ የ314 ካሬ ሜትር ጥላ ዛሬውኑ እንዲተካ አስር ችግኝ አይበቃም። 400 ያስፈልጋል። 400 ችግኝ የሚተከልበት ቦታ ደግሞ ባጃጅ ተራው ጋ የለም። ችግኙ አድጎ ጥላ እስኪሆን ስንቱ ይደርቃል፣ ስንቱ ፍየል ይበላዋል፣ ያ ሌላ ጉዳይ።

በምትኩ የሚተከለው ዘንባባ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዘንባባ ለፎቶ ያምራል፣ አልክድም። ጥላው ግን አንድ ሰው ቆሞ እንኳን አያስጠልልም።

ሰሳ ሌላም ችግር አለበት፣ ብርቅ አይደለም። ዋንዛን ውሰዱ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በስም ጠርቶት ነበር። ሰሳን የጠራው የለም። በብዛት ስላለ ማንም አይቆጥረውም፣ ስለማይቆጠር ደግሞ ሲቀንስ አይታይም።

ዛፍ ሳይቆረጥ መንገድ መሥራት ይቻላል? አንዳንዴ ይቻላል። ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈጣን መንገድ ሲገነባ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው የሾላና የዋርካ ዘመድ ሊነሳ ነበር። ነዋሪው ጮኸ፣ ፎቶው በየስልኩ ዞረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትእዛዝ ዛፉ እንዲቀር ተደረገ። መንገዱም ተሠራ፣ ዛፉም ቆመ።

ደግሞ ዛፍ የሚሞተው በመጋዝ ብቻ አይደለም፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልቅም፣ ወደ ጎን ግን ከጃንጥላው ጥላ አልፎ ይሄዳል። ግንዱ ድረስ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ሲነጠፍበት ሥሩ አየርም ውሃም ያጣል። ለቱቦ ሲቆፈር በአንድ በኩል ያለው ሥር ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ዛፉ ዛሬ ምንም አይመስልም፣ ከዓመታት በኋላ ከአናቱ መድረቅ ይጀምራል ወይም ነፋስ ይጥለዋል። ያኔ «አርጅቶ ወደቀ» ይባላል። ማስታወቂያ በምስማር የምትመቱበትም፣ እባካችሁ በገመድ እሰሩት።

ላመጣጥን። ሰሳ ትልቅ ዛፍ ነው፣ ከ15 ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ አጥር ጥግ ወይም ሽቦ ስር የሚተከል አይደለም። የበሰበሰ ቅርንጫፍ ካለው መገረዝ አለበት፣ ውስጡ ባዶ የሆነና መንገደኛ ላይ ሊወድቅ ያዘመመ ዛፍ ደግሞ መቆረጡ ልክ ነው። ሰፊ ቦታ ካላችሁ ግን፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መናኸሪያ፣ ከሰሳ የተሻለ ጥላ እኔ አላውቅም።

ማፍላቱም ከባድ አይደለም። ቡናማ የሆነውን ፍሬ ነቀዝ ሳይቀድማችሁ ከዛፉ ላይ ልቀሙ፤ መሬት ላይ የቆየው ብዙውን ጊዜ የተበሳ ነው። ዘሩ ትኩስ ከሆነ ዝም ብላችሁ ዝሩት፣ ከቆየ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ፕላስቲክ ከሌላችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ ታቹን ብሱትና አፈር ሙሉበት።

እኔ ከዚያው ከጀበናዋ ዛፍ ስድስት ፍሬ ዘርቼ ነበር። አራቱ በቅለዋል። መስኮቴ ላይ ናቸው፣ ማታ ማታ ቅጠላቸውን አጥፈው ይተኛሉ። ትልቁ ገና የእጄን ጣት አያክልም።